የበራው ተረከዝ

እንቅልፍ እምቢ አለው። ጭንቀት ቢሆን የአባት ነበር፤ ጭንቀትንማ ሰሞኑን ተላምዶታል፣ አብረው ነው የሚያድሩት። የዛሬው ግን ደስታ ነው፤ በደስታ እንቅልፍ ያጣ ሰው ምን ይውሰድ፣ ምን ይጠጣ፣ ማን ነግሮት ያውቃል? ጊዜው ቀትር ነው። መጋረጃው ስስ ስለሆነ ፀሐዩ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ወንበሩ ላይ የተከመረው ልብስ፣ መስኮቱ ሥር የቆመው ብስክሌት፣ ጣሪያው ላይ ያለችው የውሃ እድፍ ሁሉም ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ከላይ ያለችው ጎረቤት ደግሞ ዕቃ እየጎተተች ቤቷን ታጸዳለች፣ ሌላ ቀን ቢሆን በሆዱ ይረግማት ነበር፣ ዛሬ እሰይ ደግ አደረግሽ፣ ጎትቺው፣ ይላታል። አለቃው ናት «ሂድና ተኛ፣ ፊትህ አመድ መስሏል» ብላ ከላብራቶሪው ያስወጣችው፤ እሺ ብሎ ወጣ እንጂ ማን ሊተኛ! በጀርባው ይሆናል፣ በጎኑ ይገለበጣል፣ ቀኝ እግሩን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ተረከዙን ያየዋል፣ ይከተዋል፣ መልሶ ያወጣዋል። አንተ ተረከዝ፣ አንተ ቀጣፊ፣ ይለዋል፣ እንዴት አድርገህ ነው የተጫወትክብኝ! ካንሰር አይደለም። አይደለም አለች ሐኪሟ፣ አፏን ሞልታ። ጠዋት ነው የነገረችው፣ እሱ ግን እስካሁን ቃሉን እንደ ከረሜላ ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው ያገላብጠዋል። አይደለም። አይደለም። ለእታለም መደወል አለበት፣ ለታላቅ እህቱ፣ አሁኑኑ መደወል አለበት፣ ግን ቆይ፣ እስቲ ትንሽ ብቻውን ይደሰትበት።

መቼ እንደጀመረው በውል አያውቅም። የተረከዝ ነገር ማን ያየዋል፣ ሰው በመስታወት ፊቱን እንጂ ተረከዙን አያይም። አንድ ቀን ካልሲው ደም ነክቶት አገኘው፣ ጎንበስ ብሎ እግሩን ጉልበቱ ላይ ሰቅሎ ሲያየው ወደ ሐምራዊ የሚወስደው ጥቁር ነገር ተንጣሎ ተኝቷል፣ ጠርዙ ያልተስተካከለ፣ ላዩ የተላላጠ፣ መሃሉ የተሰነጠቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ቅባት ቀባ ቀባ አድርጎ ይረሳው ነበር። እሱ ግን የት ነው የሚሠራው? የቆዳ ካንሰር የሚጠናበት ላብራቶሪ! ሰዎች «የቆዳ ካንሰር የነጮች ነው፣ እኛን ፀሐይ ምን ታደርገናለች» ሲሉ ስንቴ ሰምቷል፤ እሱ ግን እንደ እሱ ባለ ጥቁር ሰው ላይ ክፉው ዓይነት መደበቅ የሚወደው እዚያው የእግር መዳፍ ላይ፣ ተረከዝ ላይ፣ ጥፍር ሥር መሆኑን ያውቃል፣ አለቃው ለተማሪዎች ስትናገር ከኋላ ቆሞ ብልቃጥ እያጠበ ሰምቷታል። ምነው ባልሰማሁ ይላል። ባልሰማ ኖሮ እኮ ተኝቼ አድር ነበር፣ ካልሲዬን አጥቤ፣ ቅባቴን ቀብቼ፣ እግሬን ዘርግቼ።

ሐኪም ፊት ለመድረስ ከስንት ማሽን ጋር እንደተነጋገረ ብነግራችሁ አታምኑም። ስልክ ቢመታ ማሽን ናት፣ ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ፣ ለፈራ ሰው ሦስትን ይጫኑ አትልም። በሩ ላይ ደግሞ ተራ የምትሰጥ ሳጥን አለች፣ ወረቀት ትተፋለች፣ ወረቀቷን ይዘህ ግድግዳ ላይ ያለውን ቁጥር እያየህ ትቀመጣለህ፣ ማንም ማንንም ምን ሆነህ ነው አይለውም። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ተራው ሲደርስ «አንድ ነገር ቢፈጠር የምንደውልለት ሰው?» አለችው። የእታለምን ያገር ቤት ቁጥር ነገራት። መታች፣ አጠፋች፣ ደግማ መታች። «ቁጥሩ ረዘመ፣ ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለኝ። እዚህ ያለ ሰው የለህም?» እዚህ ያለ ሰው። አሰበ። አለቃዬን? ኧረ እፍረት። ከላይ ያለችውን ጎረቤት? ስሟን እንኳ አላውቅም። «ይለፈኝ» አላት። ልጅቱም እሺ ብላ አለፈችው፣ ቀላል ነው ለሷ፣ እሱ ግን ያን ቀን ከተረከዙ ይልቅ ያቺ ባዶ የቀረች ቦታ አመመችው። ሐኪሟ በጣም ደግ ነበረች፣ አደንዝዛ ሁለት ቅንጣት ቆዳ ወሰደች፣ አንዷ ለማይክሮስኮፕ ናት፣ አንዷን ደግሞ ፈቃድህ ከሆነ ለአንድ ጥናት እንልካታለን አለችው። ጥናቱ የነሱ ጥናት ነው! ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንፃ፣ የእሱ ወንበር፣ የእሱ እጅ። እኔ ነኝ የምሠራው ሊላት አፉን ከፈተ፣ ከፈተና «ይሁን» ብቻ ብሎ ዘጋው። ለምን? እንጃ! አፉን ያዘው፣ በቃ።

ሥራውን ካልነገርኳችሁ የጭንቀቱ ነገር አይገባችሁም። ሰውነታችን ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ሴል የዘር ክር አለው፣ የክሩ ጫፍ ደግሞ እንደ ጨርቅ ጫፍ የተቋጨ ነው፣ እንዳይተረተር። ሴሉ ለሁለት በተከፈለ ቁጥር የተቋጨው ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያጠረ ይሄዳል፣ ሲያልቅበት ሴሉም በቃኝ ብሎ ያርፋል። ቴሎመሬዝ የሚባል አንድ ነገር አለ፣ ያጠረውን ጫፍ መልሶ የሚቋጭ፤ በአብዛኛው ገላችን ውስጥ ተኝቶ ነው የሚኖረው፣ ካንሰር ግን ቀስቅሶ ሥራ ያስይዘዋል፣ ስለዚህ ካንሰር በቃኝ ማለት አያውቅም። የሰውያችን ሥራ እንግዲህ ከሰው ቆዳ በተወሰደች ቅንጣት ውስጥ ይሄ ቋጪ ነቅቷል ወይስ ተኝቷል የሚለውን ማየት ነው። ቅንጣቷ በረዶ ሆና በትንሽ ብልቃጥ ትመጣለች፣ የሰው ስም የላትም፣ ቁጥርና የገላው ቦታ ብቻ፣ ግንባር፣ ክንድ፣ ጀርባ። ይፈጫታል፣ ያጣራታል፣ ጭማቂዋን ለሁለት ይከፍላል፣ ግማሹን እንዳለ ይተወዋል፣ ግማሹን በሙቀት ያበስለዋል፣ ቴሎመሬዝ ሙቀት ስለማይችል ይሞታል። ባልደረቦቹ ለነዚህ ሌላ ስም አላቸው፣ እሱ ግን በሆዱ ጥሬና ቅቅል ነው የሚላቸው፣ በገዛ ቋንቋው ካልጠራቸው እጁ አይታዘዝለትም። ከዚያ ጥሬና ቅቅል ጎን ለጎን ጄል በሚባል የረጋ ዝልግልግ ላይ በኤሌክትሪክ ይሮጣሉ፣ ጨለማ ክፍል ገብቶ መብራቱን ሲያበራበት፣ ቋጪው ነቅቶ ከሆነ ጥሬው እርከን እርከን እየሆነ እንደ መሰላል ይበራል፣ ቅቅሉ ጨለማ ነው።

እና ይሄ ሰው ምን ያደርጋል መሰላችሁ? በበራ ቁጥር ያዝናል። ግንባር በራ፣ አይ ወንድሜን፣ ይላል። ክንድ በራ፣ ምስኪን፣ ልጆች ይኖሩት ይሆን፣ ይላል። አይቷት የማያውቃትን ጀርባ ነፍስ ይማር ብሎ ያውቃል፣ ሴትዮዋ በዚያች ሰዓት ምናልባት ገበያ መሃል በቲማቲም ትጨቃጨቅ ይሆናል። የበራ ሁሉ ካንሰር ነው ያለው ሰው የለም። አይደለም ያለውም የለም። ብልቃጦቹ ስማቸው የሚደበቀው ሆን ተብሎ ነው፣ የሚለካው ሰው የማንን ሕመም እንደሚለካ እንዳያውቅ፣ ዓይኑ እንዳያደላ፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ሕመም እንደሆነ የምታውቀው አለቃው ብቻ ናት። ስለዚህ እሱ ዓመት ከዓመት መብራቱን ያያል እንጂ የምን መብራት እንደሆነ አያውቅም፣ የጎደለውን ከራሱ ሞላው። ለማዘን ደግሞ ማን ብሎን!

ተረከዝ፣ ቀኝ፣ የሚል ብልቃጥ ሲመጣ ጓንቱ ውስጥ እጁን ላብ አጠመቀው። በዚያ ሳምንት ሌላ ተረከዝ አልመጣም። ይሄኛውን ሌላ ሰው ይሥራው ማለት ይችል ነበር፣ ማለትም ነበረበት፣ አላለም። የገዛ ሥጋውን ይፈጫል። ሰው የገዛ ተረከዙን ሲፈጭ ታይቶ ያውቃል? ሳቅ ይመጣበታል፣ ሳቁን ይውጠዋል። ጥሬ። ቅቅል። እጁ እንደዚያ ቀን ጸንቶ አያውቅም፣ አንዲት ጠብታ መሬት አልነካችም። ጨለማው ክፍል ገባ፣ መብራቱን አበራ፣ ቅቅሉ ጭልም እንዳለ ነው፣ ጥሬው ግን በርቷል፣ ከታች እስከ ላይ፣ እርከን በእርከን። አይ ወንድሜን፣ አለ። ከልማድ አፉ ላይ መጥቶለት ነው፤ ወንድሜን ያለው ራሱን መሆኑ ሲገባው በርጩማዋ ላይ ዘጭ አለ። ቢሳሳት ኖሮ እኮ እሰየው ነበር፣ ቢደፋው፣ ቢያቀላቅለው፣ ሊደግመው ይችል ነበር፤ ሥራው ግን እንከን አልነበረውም። ጄሉን አጣጥፎ ቆሻሻው ውስጥ ከተተው፣ ውጤቱን እንደሌላው ሁሉ መዘገበ፣ እጁን ታጠበ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ቤቱ ገባ፣ መንዳት አቅቶት።

ከዚያ ወዲያ ነው ስልክ ማንሳት ያቆመው። እታለም ትደውላለች። እናትና አባታቸው ካረፉ ወዲህ እሱንና ታናሽ እህታቸውን፣ ትንሿን፣ ልብስ እየሰፋች ያሳደገች እሷ ናት፣ ገና በልጅነቷ እናት ሆና ቀረች፣ ሳታገባ፣ ሳትወልድ። እሷም ቆዳዋ ላይ ሕመም አለባት፣ ከወጣትነቷ ጀምሮ፣ ክርኗ፣ ጉልበቷ፣ የጆሮዋ ጀርባ ይላላጣል፣ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ ሲብስባት ይደማል፣ ስንት ቅባት ተቀባች፣ ስንቱ ስንት ነገር አዘዘላት፣ አለሁ አለሁ ይላል። በሙቀት ቀን ሁሉ እጅጌዋ እስከ እጅ አንጓዋ ድረስ ነው፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ። እና ስልኩ ይጮኻል፣ እሱ ትራሱ ሥር ይከተዋል፣ ትራሱ ሥር ሆኖም ይጮኻል፣ እታለም እኮ ቶሎ ተስፋ የምትቆርጥ ሴት አይደለችም። አንዴ ሳያስበው አነሳው።

«ምን ሆነህ ነው የጠፋኸው?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እታለም።»

«ድምፅህስ?»

«ብርድ ነው።»

«ብርድ ድምፅ ይወስዳል እንጂ ቃል ይወስዳል እንዴ? ያልከው እኮ አስር ቃል አይሞላም።»

ዘጋው፣ ቻው እንኳ ሳይላት። ከዚያ ቁጭ ብሎ ያስባል፣ ብሞት ማን ይነግራታል፣ ኮምፒውተሩ ቁጥሯን አልቀበልም ብሏል፣ ያቺ የመስኮቷ ልጅ ምን ታድርግ፣ ባዶ ቦታ ላይ ትደውል? እህቴ ስልክ እየመታች፣ እየመታች፣ ወንድሜ ኮራብኝ ብላ ትቀራለች። ይሄ ነበር የሚያንገበግበው። መሞቱስ መሞት ነው፣ ኮራብን መባሉ ግን አንጀቱን በላው።

ኧረ አሁን ምን አስታወሰኝ! ዛሬ ጠዋት እኮ ነው። «ውጤትዎ ደርሷል፣ ሐኪምዎን ያነጋግሩ» ይላል መልእክቱ፣ ጥሩ ይሁን መጥፎ አይል፣ ጨካኝ። ሄደ። ሐኪሟ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ጠረጴዛው ላይ መነጽር የምትፈልግ ዓይነት ናት። «ተቀመጥ» አለችው። ተቀመጥ! በቃ አለቀልኝ አለ፣ ጥሩ ወሬማ ቆሞም ይሰማል። ወንበሩን ሳይነካው «ካንሰር አይደለም» አለች። «ሶሪያሲስ ይባላል። ሲያሳክክህ፣ ሲሰነጠቅብህ ያስቸግርሃል እንጂ ካንሰር የሚባል ነገር እዚህ የለም። ጥፍርህን አሳየኝ እስቲ። አዎ፣ ይኸው፣ ተበሳስቷል። ከቤተሰብ ይሄ ያለበት ሰው አለ?»

«ተሳስታችኋል» አላት። ካንሰር የለብህም ሲባል የሚከራከር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ተከራከረ። «በርቷል እኮ! በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እስከ ላይ ነው የበራው!»

«ምኑ ነው የበራው?» አለች ሐኪሟ፣ መነጽሩን ከግንባሯ አውርዳ።

ሁሉን ዘረገፈላት፣ ላብራቶሪውን፣ ተረከዝ የሚለውን ብልቃጥ፣ ጥሬውን፣ ቅቅሉን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ብስክሌቱን መግፋቱን ሳይቀር። ሴትዮዋ ሰማችው፣ ሰማችውና ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ይቅርታ አድርግልኝ ብላ ወንበሯን አስጠጋች። የቆዳህ ሴሎች እዚያች ቦታ ላይ ቸኩለዋል፣ አለችው፣ ከጤነኛው ቆዳ እጅግ በፈጠነ ሩጫ ነው የሚባዙት፣ ነጭ የደም ሴሎችም ተጠራርተው መጥተዋል፣ እነሱም ቴሎመሬዝ ይዘው ነው የሚዞሩት። ቆዳ ሲቆጣም ይበራል። ጤነኛ ቆዳም ከሥሩ አንዳንዴ ጭላንጭል አያጣም። ካንሰሩ ላይ በብዛት ይገኛል፣ እውነት ነው፣ ግን መብራቱ ብቻውን አይፈርድም፣ ቆዳህን በማይክሮስኮፕ አይተነዋል፣ ሁለት ሰው ነው ያየው። «ጥናታችሁ የካንሰርና የሌሎች የቆዳ ሕመሞች ጥናት አይደል የሚባለው? ሌሎቹ የት የሄዱ መሰለህ?» አለችው። የት ሄዱ? እውነት፣ የት ሄዱ! ርዕሱን በየቀኑ በሩ ላይ ተለጥፎ ያነበዋል፣ «ሌሎቹ» የምትለውን ቃል ግን ዓይኑ ዘሏት ኖሯል። «ከቤተሰብ አለ ወይ ብዬህ ነበር» አለች ደግማ። ያኔ ነው የእታለም ክርን ዓይኑ ላይ ድቅን ያለው። አለ፣ አላት። እህቴ። እና እዚያው ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እየሳቀ። ሐኪሟ መሀረብ ሰጠችው፣ እሱ እግዜር ይስጥልኝ በማለት ፈንታ በደስታ እሷን እንኳን ደስ ያለሽ አላት።

ላብራቶሪ ሲደርስ ለአለቃውም ነገራት፣ መናገር ግዴታው ስለሆነ። መጀመሪያ ተቆጣችው፣ የራስህን ናሙና መንካት አልነበረብህም፣ ያንን ሌላ ሰው ይደግመዋል፣ እንዳይለመድህ፣ አለች፤ ልክ ናት። ከዚያ ፊቷ ፈታ አለ።

«ለመሆኑ የበሩት ሁሉ ካንሰር ይመስሉህ ነበር?»

«አዎ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ነፍስ ይማርም ብያቸዋለሁ።»

«አንተ ሰው! ስንቶቹ እኮ የሚያሳክካቸው ሰዎች ናቸው!» አለች፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ከዚያ ነው ሂድና ተኛ ያለችው።

እና አሁን አልጋው ላይ ሆኖ ስንቱን በቁሙ እንደቀበረ ያስባል። ግንባር ይነሣል፣ ክንድ ይነሣል፣ ያቺ የቲማቲሟ ሴትዮ ጀርባዋን በር ላይ እያሻሸች፣ እፎይ፣ ትላለች። ሁሉም አይደሉም፣ ያውቃል፣ ከመሃላቸው እውነት የታመመ አለ፣ ለእሱስ ያዝንለታል። ግን የቀሩት! በየቤታቸው ጥፍራቸውን እያስረዘሙ የሚያክኩ፣ ቅባት የሚቀቡ፣ እኔ ሳለቅስላቸው እራት የሚበሉ! ይስቃል፣ ብቻውን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ብርድ ልብሱን አፉ ላይ ይዞ። ከላይ ጎረቤቲቱ ዕቃ መጎተቷን ተወት አደረገች፣ ሰምታው ይሆናል። ትስማ። ስልኩን አነሳ፣ መታ፣ ይጠራል፣ ይጠራል።

«ምን ሆንክ?» አለች እታለም። እንደምን ዋልክ የለ፣ ምን የለ። ከበስተጀርባዋ የስፌት መኪናው ይንኳኳል።

«ደህና ነኝ።»

«በሥራ ሰዓት የደወልክ ደህና ነህ? ልቤን አታንጠልጥለው፣ አንተ ልጅ!»

«እታለም፣ ካንሰር መስሎኝ ነበር፣»

«ውይ! ውይ ወንድሜን!»

«አይደለም! አይደለም ነው የምልሽ! ቆይ ስሚኝማ! ተረከዜ ላይ የወጣ ነገር ነበረ፣ ታየ፣ ተመረመረ፣ ካንሰር አይደለም። ያንቺው ነው።»

«የኔው ምን?»

«የክርንሽ። እሱ ራሱ ነው። ሐኪሟ ነገረችኝ። ያንቺው ነው እታለም፣ ያንቺው!»

እልል ትላለች ብሎ ነበር። የስፌት መኪናው ቆመ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎት ስልኩን ከጆሮው አንስቶ አየው። አልተቆረጠም።

«ከኔ ነው የያዘህ» አለች፣ በቀስታ።

«ኧረ ምን በወጣሽ!»

«ከኔ ነው። ስንት ተጠንቅቄ! ፎጣዬ ለብቻ፣ ማበጠሪያዬ ለብቻ፣ ልብሳችሁን ለብቻ አጥቤ። ጉንጭህን ስሜህ አላውቅ። አየር ማረፊያ ስሸኝህ እንኳ ሻርፔን አፌ ላይ አድርጌ ትከሻህን ነው የሳምኩህ፣ ኮትህን። ያን ሁሉ አድርጌ፣ ባሕር ተሻግረህ እንኳ አልተውህም!»

ተነሥቶ ተቀመጠ። ኮቱን ያስታውሳል። የሌሎቹ መንገደኞች እናቶች አንገታቸው ሥር ገብተው ሲያለቅሱ እህቴ ደረቅ ናት ብሎ ነው አውሮፕላን የተሳፈረው፤ ደረቅ ናት፣ ጠንካራ ናት፣ መሳም አትወድም፣ ሲል ኖሯል፣ ለሰውም እንደዚያው ነበር የሚያወራው። ለካ ለሱ ብላ ነው! አልቅሶ ቢሆን ደስ ይለው ነበር፣ ግን መጀመሪያ ነገሩን ማስረዳት አለበት።

«አይተላለፍም እታለም። በፎጣም፣ በመሳምም፣ በምንም አይተላለፍም።»

«እዚህም ሐኪሙ እንደዚያ ብሎኝ ነበር። እነሱ ምን ቸገራቸው፣ ሰው ለማጽናናት የማይሉት የለ።»

«እሺ ትንሿ አለባት?»

«እሷማ የለባትም፣ ምን ሆና።»

«ከኔ ይልቅ ካንቺ ጋር የኖረችው ማናት? እሷን አልፎ፣ አህጉር አቋርጦ፣ የኔን ተረከዝ አንኳኳ?»

የገዛ ጥፍሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ አየው።

«የአባባ ጥፍር ትዝ ይልሻል?»

«የተበሳሳው?»

«የተበሳሳው። እሱ ራሱ ነው። ዛሬ የኔንም አይታዋለች ሐኪሟ። ከአባባ ነው የመጣው፣ ላንቺም ለኔም፣ በደም ነው፣ ካንቺ ወደኔ የሄደ ነገር የለም።»

«አባባ!» አለች እታለም። ከዚያ ሳቅ መሰለ የሚወጣት፣ ለቅሶም መሰለ። «ሌላ ምን አወረሰን፣ እንግዲህ ጥፍሩን!»

«እኔ አልተካፈልኩም እንዳልል ደረሰኝ።»

«ተረከዝ ብቻ ነው የደረሰህ፣ ሌላው ሁሉ እኔ ጋ ነው፣ ታላቅ አይደለሁ!» ብላ ሳቀች፣ አሁን እውነተኛ ሳቅ ነው፣ እሱም ሳቀ። ሳቃቸው መሃል የሕፃን ለቅሶ ገባ። የትንሿ ልጅ ነው፤ ትንሿ ከወለደች ወዲህ እታለም ቤት ናት፣ እንድትታረስ።

«ትንሿ! ልጁ እያለቀሰ ነው፣ ነይ አንሺው!» ብላ ጮኸች እታለም።

«አንቺ አጠገቡ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። እግሬ ሥር ነው የተኛው።»

«ታዲያ አታነሺውም?»

«እኔ?» አለች። ድምፅዋ ወረደ። «ከተወለደ ጀምሮ አንስቼው አላውቅም። የሚለብሰውን ሁሉ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፣ እያየሁት ነው የሚውለው፣ ግን ገላው እኮ ገና ለስላሳ ነው፣ እንዴት ብዬ? ትንሿንም ወገቤን ያመኛል ነው ያልኳት።»

ሰውያችን ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው።

«እታለም፣ አንሺው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እናታችንን ስልሽ! እኔ ራሴ ፈጭቼ ያየሁት ነገር ነው።»

«ምኑን ነው የፈጨኸው ደግሞ?»

«በኋላ እነግርሻለሁ፣ አንሺው።»

«ስማ» አለች። «ሐኪሙ ነገረኝ፣ አላመንኩትም። አንተ ግን ዋሽተኸኝ አታውቅም።»

«ብርዱስ?»

«ብርዱንማ መቼ አመንኩህ!»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው ቀጭ አለ። ወንበር ተሳበ። ልጁ ያለቅሳል፣ ድምፁ ከፍ አለ፣ ከዚያ ለቅሶው መንገድ ላይ ቀረ፣ እንደ መገረም ብሎ እህ አለ፣ እህ፣ ከዚያ ዝም። የእታለም ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፣ ቃሉ አይለይም፣ ማንጎራጎር ነው፤ እሱ ልጅ ሳለ በሌላ ክፍል ሆና ስታንጎራጉርለት የሚያውቀው ድምፅ አሁን ከልጁ ጆሮ ሥር ነው የሚወጣው። ቀጥሎ መሳም መጣ። ጉንጩን ይሁን አንገቱን እንጃ፣ ብቻ ትስመዋለች፣ ታቆምና ደግሞ ትስመዋለች፣ ልጁ በሳቅ ይሁን በመገረም እየተንተፋተፈ ነው። እሱ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዳምጣል፣ እንባው አገጩ ላይ ደርሷል፣ አይጠርገውም።

በር ተከፈተ። «ኧረ ወገብሽ!» አለች ትንሿ።

«ዝም በይ፣ ተሽሎኛል» አለች እታለም።

«ጋሼ ነው እንዴ ስልኩ ላይ ያለው? አልዘጋሽበትም እኮ፣ ይጠብቅሻል።»

«ይጠብቅ» አለች እታለም፣ ልጁን መሳሟን ሳታቋርጥ። «እሱ አሁን የትም አይሄድም።»